ኅዳር ያልታጠነበት ደጅ

በኔ ደጅ ኅዳር አይታጠንም። ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን የካ ሚካኤል ዙሪያ ያለው ቤት ሁሉ ጥራጊውን ደጁ ላይ ከምሮ ሲያነድ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ሰው ዓይኑን ሲያሻሽ፣ የኔ ደጅ ተጠርጎ ባዶውን ይውላል። ለምን እንደሆነ ጠይቀው መልስ ስነፍጋቸው ያኮረፉኝ አሉ። ሳይጠይቁ መናፍቅ ያሉኝም አሉ። ለማንም መልስ ስሰጥ አልኖርኩም። አሁን ግን ልጄ ራሷ የልጆች እናት ሆናለች፣ «ይጻፉት አባባ፣ ግን ሳያሳምሩ» ብላኛለች። እንግዲህ ሳላሳምር ልጻፍ።

ነገሩን ለማያውቅ ወጣት፦ በአባቶቻችን ዘመን በኅዳር ወር ገብቶ ሕዝብ የፈጀ በሽታ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል ቀን የቤቱ ቆሻሻ፣ የከብቱ በረት ጥራጊ፣ ያረጀው ሰሌንና ጨርቅ ደጅ ላይ ይቃጠላል። በሽታው በጭሱ ይወጣል ይባላል። እኔም ስል ኖሬያለሁ። እንዲያውም የመንደሩን ትልቁን ክምር የማነድ እኔ ነበርኩ፤ ክምሩ ያነሰበትን ጎረቤት «ቤትህን ዓመቱን ሙሉ አልጠረግህም እንዴ?» እያልኩ የማሳፍርም እኔው ነበርኩ።

ግንበኛ ነኝ። ትምህርት ቤት ደጅ አልደረስኩም። ፊደል የለየሁት ሃያ ሦስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ፣ ከሲሚንቶ ከረጢት ጽሑፍና ባለሱቁ ስኳር ከሚጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። ማንም አላስተማረኝም። በዚህ እኮራ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም እኮራለሁ። ነገር ግን ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለበት። ያነበበውን ሁሉ እሱ ያገኘው ይመስለዋል፣ ሰው ፊት ቆሞ ጮክ ብሎ ካላነበበውም አይረካም።

በሃምሳዎቹ መግቢያ ላይ ከሩቅ ምሥራቅ ተነሥቶ በመርከብ ከወደብ ወደብ የዞረው ጉንፋን አዲስ አበባ ገባ። መጀመሪያ የያዘው ትምህርት ቤቶችን ነው፤ ልጆቹ ሳሉን ይዘው እየመጡ ቤት ያለውን ጣሉት። በዚያ ሰሞን በእድራችን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ጋዜጣ አነበብኩ። በሽታው በትንፋሽ ይተላለፋል፣ ወደ ታመመ ሰው ቤት መግባት አይገባም ይላል። ከሥሩ ደግሞ አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች፤ ለታመመው ቤት ውሃና ምግብ ደጃፉ ላይ ይቀመጥለት፣ በየቀኑም ከውጭ ሆናችሁ ጥሩት የምትል። እሷን አላነበብኳትም። ይሄንንማ ማንም ያውቀዋል፣ ለዚህ ደግሞ ጋዜጣ ምን ያደርጋል ብዬ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

የእድራችን ዳኛ ጎረቤቴ ነበር፤ አጥራችን አንድ ነው፣ ስብሰባውም በሱ ግቢ ነበር። ሸበቶ፣ ቁመተ ረጅም፣ ሲናገር ከዘራውን መሬት ላይ የሚተክል ሰው።

«ሰማችሁ?» አለ። «ግንበኛው ያነበበው ይጽና። የታመመ ቤት የገባ ሰው እድሩ ይቀጣዋል። ጡሩምባም ሰው ይሰበስባልና እስኪያልፍ ድረስ አይነፋ።»

ሰው አጨበጨበልኝ። ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በሽታው እኔው ቤት መጣ። መጀመሪያ ሚስቴ፣ በማግስቱ እኔ ወደቅን። ያለችን አንዲት ልጅ ናት፤ ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። የማስታውሰው የዝናብ ውሃ ኮርኒሱ ጨርቅ ላይ የሣለውን ቡናማ ክብ ብቻ ነው፤ እየሰፋ መጥቶ ሲውጠኝ።

ስነቃ ቤቱ ውስጥ የማላውቃት ሴት ነበረች። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ከተማ ከሚወርዱት ሴቶች አንዷ ናት። የሸክሟ ገመድ አሁንም ወገቧ ላይ ነው። ውሃ በጣሳ አጠጣችኝና ሳትሸፋፍን ነገረችኝ።

«ሚስትህ አርፋለች። ትናንት ቀበርናት።»

«እናንተ ማናችሁ?» አልኳት።

እሷ፣ ሸክም አብራት የምትወርድ ጓደኛዋ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ቆፋሪና ልጄ ናቸው። ጡሩምባ አልተነፋም። ድንኳን አልተተከለም። ከእድሩ አንድ ሰው መቃብሩ አፍ ላይ አልቆመም።

ኅዳር ሚካኤል በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ዋለ። ግድግዳ ይዤ ተነሣሁ። መንደሩ ቆሻሻውን እየከመረ ነው። እኔም ቤቴን ላጸዳ ቆረጥኩ፤ በበሽታ ተሸንፎ ደጁን ሳያጸዳ ቀረ መባል አልፈለግሁም። የተኛንበትን የገለባ ፍራሽ፣ አንሶላውን፣ ትራሱን፣ የሟቿን ጋቢና ነጠላ ሁሉ አውጥቼ ከመርኩና ክብሪት ጫርኩ። ልጄ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። ስትመለስ የናቷ ነጠላ ጥለቱ ከዳር እየተኮማተረ ደረሰች። ባልዲውን ጥላ እጇን እሳቱ ውስጥ ከተተች።

በጠጉሯ ይዤ ጎተትኳት። «በሽታ ነው! በሽታ ነው እኮ አንቺ!» እያልኩ በጥፊ መታኋት። እናቷን በቀበረች በሦስተኛው ቀን። ሳላሳምር እጽፋለሁ ብያለሁ።

የቀኝ መዳፏ ተላጠ። ሲድን ቆዳው እንደ ብራና ደርቆ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የማውቃት ልጅ ሌላ ልጅ ሆነች። ሥራ አልፈታችም፤ እሳት አቀጣጥላ ወጥ ትሠራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ደብተሯን ይዛ ትሄዳለች። የእንጨት ጭስ ምንም አያደርጋትም። ነገር ግን አንድ ቦታ ጨርቅ ወይም እርጥብ ገለባ ሲቃጠል ከሸተታት ባለችበት ትደርቃለች። ዓይኗ ተከፍቶ አያይም፣ ስሟን ብትጠራው አትሰማም። አንድ ቀን ገበያ መሀል እንዲህ ሆና የአህያ ነጂ ገፍትሯት አለፈ፤ እሷ ግን አልተነቃነቀችም።

ሌላው ደግሞ የትንፋሽ ነገር ነው። እሑድ ከምሳ በኋላ ጥቂት ጋደም የማለት ልማድ አለኝ። አንድ እሑድ አፍንጫዬ አጠገብ የሆነ ነገር ተሰማኝና ዓይኔን ገለጥኩ። የእጇን ጀርባ ደቅናብኛለች። በመዳፏ ያልሆነው የደረቀው ቆዳ ትንፋሽ ስለማይሰማው ነው።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምንም።»

«ሞቼ እንደሆን ልታዪ ነው?»

እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። ያን ቀን ተቆጣሁ። በሚቀጥለው እሑድ ስትደግመው እጇን መታሁት። በሦስተኛው የክፍሉን በር ከውስጥ ቀረቀርኩ። ስነሣና በሩን ስከፍት ጆሮዋን ሳንቃው ላይ ለጥፋ ቁጭ ብላለች፤ የሳንቃው ስንጥቅ ጉንጯ ላይ ታትሟል። ያን ምልክት ሳይ እንኳ አልገባኝም። ሥርዓት የጎደላት ልጅ ብቻ ነበረች የምትታየኝ።

መንደሩ ዛር ነው አለ። ሌላው የሙት መንፈስ ነው አለ። ጠበል አስጠመቅኳት፣ ሁለት ሱባዔ ሙሉ። ጠበሉን አልነቅፍም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሚያስጨንቃት ጋኔን ሳይሆን በዓይኗ ያየችው ነገር እንደሆነ፣ ያየችውም እኔ በተኛሁበት ጊዜ እንደሆነ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አላሰብኩም። አንድ ቀን «ምን ሆነሽ ነበር?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ዓመት ሙሉ ስመክራት ከረምኩ እንጂ።

በዓመቱ፣ ኅዳር ሲገባ ባሰባት። የትምህርት ቤቷ ዲሬክተር አስጠራኝ። ቀጭን፣ የደከመው የሚመስል ሰው ነው። ምንም ሳይናገር ወደ ስምንተኛ ክፍል መስኮት ወስዶ አቆመኝና «ይመልከቱ» አለኝ።

መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ከመሀል አንድ ልጅ አሳለ፤ ተራ ሳል። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከፊት ያለ ጎረምሳ ግንባሩን ዴስኩ ላይ ደፋ። አንዲት ልጅ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ወተፈች። የኔዋ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ በመደዳው መሀል አልፋ፣ ያሳለው ልጅ አፍንጫ ፊት የእጇን ጀርባ ዘረጋች።

ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «ትንፋሽ ቆጣሪዋ መጣች! ስንት ቀረው በይ?» አለ።

ሌላው፣ «ለኔም ቁጠሪልኝ፣ ለአርባ ዓመት የሚበቃ ይኑር!»

ተሳቀ። የሳቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ግንባሩን የደፋው ልጅ አልሳቀም።

«ያዩት ነው ችግሬ» አለኝ ዲሬክተሩ ቢሮው ስንገባ። «ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ አምና እናት ወይም አባት ወይም ወንድም ቀብረዋል። ሌሎቹ ቁጭ ብለው ይፈራሉ፣ የርስዎ ልጅ ግን ተነሥታ ትፈራለች። እሷ በተነሣች ቁጥር ሁሉም ያስታውሳሉ፣ ትምህርቱ ይቆማል። ዘንድሮ ፈተና አለ። ከሚካኤል በኋላ ባለው ሰኞ ቁጭ ብላ መማር ካልቻለች ቤት ትዋል።»

«ቤት ብትውል ምን ትሆናለች?»

«እኔ እንጃ ጌታዬ። ይሄ ነገር ስም የለውም።»

ዛሬ ሐኪሞች ስም አውጥተውለታል ሲሉ እሰማለሁ፤ ከአደጋ በኋላ ሰው ውስጥ የሚቀር ድንጋጤ ነው ይላሉ። ያኔ የነበረው ስም እብደት ብቻ ነው። ያን ስም የያዘች ልጅ ደግሞ ቤት ከዋለች ተመልሳ እንደማትወጣ አውቃለሁ። በየጓዳው የተረሱ ሰዎች አይቻለሁ። ቤት የሠራሁላቸው አሉ፤ ለጓዳው መስኮት አታውጣ ያሉኝ። ከትምህርት ቤቱ ደጅ እስከ ቤቴ ስሄድ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። ያ ጭስ ዘንድሮ ደግሞ ካገኛት ሰኞ የሚባል ቀን የላትም።

ቤቴ እንደደረስኩ አካፋ አንሥቼ ከጓሮ ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ጥራጊዬን በሙሉ ቀበርኩ። ዳኛው በአጥሩ በኩል አየኝና ዞሮ መጣ።

«ስማ ግንበኛው፣ ዘንድሮ ክምርህ የት አለ?»

«ክምር የለኝም ዳኛ። አላነድም።»

«ምን አልከኝ?»

«በኔ ደጅ እሳት አይነድም። እርስዎም ባያነዱ ደስ ይለኛል፤ አጥራችን አንድ ነው።»

ሳቀ። «አንዲት ልጅ ጭስ ፈራች ተብሎ ሚካኤል ይቅር? መንደሩ ሁሉ አጥኖ አንተ ብትቀር፣ በሽታው በከፈትክለት ደጅ ተመልሶ ቢገባስ?»

«ካቻምናም ከዚያ በፊትም አንድደናል። አምና አልገባም እንዴ?»

«አትቀልድ። እድሩ ይሰርዝሃል። ስትሞት ማን ይቀብርሃል?»

«ሚስቴን ማን ቀበረ?»

ከዘራውን መሬት ላይ ተከለ። ይጮኻል ብዬ ነበር፤ ድምፁ ዝቅ አለ።

«ልጅህ በራችንን ስትደበድብ ሰምቻለሁ። ሦስት ጊዜ። ሚስቴ ልውጣ እያለች ስትለምነኝ ነበር፤ በሩ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜ የከለከልኳት እኔ ነኝ። አልክድም። ግን በማን ቃል? ቆመህ ያነበብክልን አንተ አይደለህም?»

ሰው ዓመት ሙሉ ጎረቤቱን በልቡ ሲረግም ኖሮ፣ መዝጊያውን ያቀበለው ራሱ እንደሆነ ሲነገረው የሚቆምበት መሬት ያጣል።

«ሙሉውን አላነበብኩላችሁም» አልኩት በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ውሃና ምግብ ደጃፍ ላይ አኑሩ፣ በየቀኑ ጥሩ ይላል። ዘለልኩት።»

«እሱን እንግዲህ ለእግዜር ንገረው» ብሎ ሄደ። ዞር ሳይል ደግሞ፣ «ግን ታነዳለህ!» አለኝ።

አላነድም። ጥፋቴን ማወቄ ሐሳቤን አላስለወጠኝም፤ ይልቁንም አጸናው። በሰው ፊት አንብቤ በር ካስዘጋሁ፣ በሰው ፊት እምቢ ብዬ ደግሞ አንድ ደጅ ከጭስ ነጻ ማድረግ አያቅተኝም።

የሚካኤል ዕለት ሰው ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወርድ እኔና ልጄ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ጋራ ያዝን። እሳቱ ሳይጫር ከጭሱ በላይ ላውላት ነው ሐሳቤ። መንገድ ላይ የምናውቀው ሰው አየንና፣

«ግንበኛው! ታቦቱ በወዲህ በኩል ነው!» አለኝ።

«አውቃለሁ። አጥሩን የካብኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ልጄ ፈገግ ያለች መሰለኝ። ይህ ደስ አሰኝቶኝ ምክር ጀመርኩ፤ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ልብ ጽናት፣ ሰው ራሱን ካልገዛ ማን ይገዛዋል እያልኩ። ባሕር ዛፉ መሀል ገብተን ጥቂት እንደሄድን ቆመች።

«አባባ፣ እባክዎ ዛሬ እንኳ ምክር ይተዉ።»

ተውኩ። እሷን ዝም ብዬ ስከተል ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከላይ ሆነን ከተማው ሲጤስ አየን። መጀመሪያ ከየደጁ ቀጭን ቀጭን ክር፣ ኋላ ተደባልቆ እንደ ጣሪያ ተዘረጋ። ነፋሱ ወደ ደቡብ ስለነበር እኛ ዘንድ ሽታው አልደረሰም። ልጄ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ታያለች። አልደረቀችም፤ ዓይኗ ያያል።

ከዛፉ መሀል ቅጠል ሲጠረግ ተሰማ። አንዲት ሴት ሸክሟን አስራ ብቅ አለችና ልጄን ስታይ ጥላው መጣች።

«ኢንታላ ኮ! ልጄ! አደግሽ እኮ!»

ያች ሴት ናት። አቀፈቻት፣ መዳፏን ገልጣ ጠባሳውን አየች፣ ወደኔ ዞረች።

«ደኅና ናችሁ?»

«አካሏ ደኅና ነው» አልኩ። «ጭንቅላቷ ነው እንጂ። ትንፋሽ ትለካለች። የተኛ ሰው አፍንጫ ላይ እጇን ትደቅናለች።»

ሴትየዋ ተቆጣች። «ይሄ ነው ጭንቅላቷ? እቤትህ ስገባ ምን እንዳየሁ አልነገረችህም?»

«ምን አየሽ?»

«በመንገዱ ሳልፍ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ጮኸችብኝ። ሸክሜን አውርጄ እስክገባ እሷ ተመልሳ መሀላችሁ ቁጭ ብላለች። አንድ እጇ እናቷ አፍንጫ ላይ፣ አንድ እጇ ያንተ አፍንጫ ላይ። እናቷ ቀዝቅዛለች። ያንን እጇን ይዤ አነሣሁት፤ እሺ አለች። ካንተ ላይ ላነሣው ስል ግን ነከሰችኝ።» እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችኝ። «ትንፋሽህን ይዛልህ ነው የከረመችው፣ ሰውዬ!»

ያን እሑድ የመታሁት እጅ ያ እጅ ነው።

ልጄ ከተማውን እያየች፣ ለማንም እንደማትናገር ሆና፣ «አንድ ጊዜ ተኛሁ» አለች። «ቁጭ እንዳልኩ። ስነቃ የእማዬ ቆሟል። መቼ እንደቆመ አላውቅም።»

የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ለሌላ ሰው ብዙ ጊዜ ብያለሁ። ግን የእግዚአብሔርን ስም የራሴን ጥፋት መሸፈኛ ላደርገው እንደሆነ ታወቀኝና ዘጋሁት።

«አንቺ አይደለሽም» አልኳት። «በሮቹን ያዘጋሁት እኔ ነኝ። በእድሩ ስብሰባ ላይ...»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«አጥሩ ጋ ቆሜ እሰማ ነበር። ሲያጨበጭቡልዎም ሰምቻለሁ።»

«ዓመት ሙሉ! ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይመቱኛል ብዬ።»

አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። የኔ አባት አላደረገውም። እዚያ ድንጋይ ላይ፣ እንግዳ ሴት እየሰማች፣ «ይቅር በይኝ» አልኳት። ይቅር ብያለሁ አላለችም። እኔም አልደገምኩትም። ተነሣችና ቀሚሷን አራገፈች።

«እንውረድ።»

«ጭሱ ገና አልጠራም እኮ።»

«ሰኞ ትምህርት አለኝ። ሁልጊዜ እዚህ ላይ መዋል አልችልም።»

ሴትየዋ ሸክሟን ስታነሣ ልጄ ከኋላ ደግፋ አስተካከለችላት። ሦስታችንም አብረን ወረድን፤ እኛ ወደ ቤታችን ስንታጠፍ እሷ ወደ ገበያዋ ቀጠለች።

ደጃችን ላይ እሳት ይነዳል።

ከአጥራችን ማዶ ያለው የዳኛው ክምር መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ የኔው ደፍ ላይ ነው። እርጥብ ገለባና አሮጌ ጨርቅ ከምረው ለኩሰውልኛል። ዳኛው ከዘራውን ተክሎ ቆሟል፣ ሰባት ስምንት የእድር ሰዎች ዙሪያውን አሉ።

«ላንተም አነደድንልህ ግንበኛው!» አለ አንዱ እየሳቀ። «ምስጋናህን ነገ ታመጣለህ!»

ዳኛው አልሳቀም። «ለመንደሩ ብለን ነው» አለ። «አንድ ደጅ ብቻውን አይቀርም።»

ልጄ ደረቀች። ያ የማውቀው መድረቅ። ጭሱ ፊቷ ላይ ይመጣል፣ ዓይኗ ተከፍቷል። እሳቱን በጫማዬ ልረግጠው ስንደረደር ጨርቄን ያዘችኝ። አለመድረቋን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ለቀቀችኝና እሳቱን በጎን አልፋ ወደ በርሜሉ ሄደች፣ ባልዲ ሞላች፣ ተመልሳ መጣች። ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ደፋችው። እሳቱ ቸስ ብሎ ጮኸ፣ ጭሱ ነጭ ሆኖ ተነሣ፣ እሷም እየሳለች ሁለተኛ ሞልታ መጣች። ማንም አልከለከላትም። ልረዳት ስል በክርኗ ገፋችኝ።

ሁለተኛውን ደፍታ ባዶውን ባልዲ እንዳንጠለጠለች ዳኛው ፊት ቆመች።

«አምና ሦስት ጊዜ ጠራሁዎ፣ አልመጡም። ዘንድሮ ሳልጠራዎ መጡ።»

ያን ጊዜ የዳኛው ሚስት ከግቢያቸው ወጣች። በእጇ ባልዲ አለ። ባሏን ሳታየው፣ እኔንም ሳታየኝ አልፋ መጣችና የቀረውን ፍም በውሃዋ አጠፋችው። «ይኸው ልጄ» አለቻት፣ «ዘግይቼ ነው።» ተመልሳ ገባች።

ዳኛው ያናገረኝ ዕለት ከሣጥን ፈልጌ ይዤው የነበረውን የአምናውን ጋዜጣ ከኪሴ አወጣሁ። ሐሳቤ ምን እንደሆነ የገባቸው አልመሰለኝም። ያችን የዘለልኳትን ዐረፍተ ነገር ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ውሃና ምግብ ደጃፍ ይቀመጥ፣ በየቀኑ ይጠራ። «ይህን አምና ማንበብ ነበረብኝ» አልኩ። «አላነበብኩም። ሚስቴን የገደለው በሽታው ነው፤ ብቻዋን እንድትሞት ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ፣ እናንተም አግዛችሁኛል። እድሩ የሚሰርዘኝ ከሆነ ይሰርዘኝ። እዚህ ደጅ ላይ ግን እኔ በሕይወት እስካለሁ ማንም ክብሪት አይጭርም።»

በዚህኛው ንባብ ማንም አላጨበጨበም።

እድሩ ሰረዘኝ። ስሜን የሰረዘው ዳኛው ራሱ ነው፤ አልወቅሰውም፣ ደንቡ ነው። የጎዳኝ ነገር ቢኖር የሰው ለቅሶ ቤት ስሄድ ከሩቅ መቆሜ ነው። ቢሆንም ሄጃለሁ። ለታመመም ውሃ ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ከውጭ ተጣርቻለሁ። አንዳንዱ ይመልስልኛል፣ አንዳንዱ «ሂድ አንተ እልኸኛ» ይለኛል። ሰው ከተሳደበ በሕይወት አለ ማለት ነውና ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ።

ሰኞ ጠዋት ዲሬክተሩ ዘንድ ቀረብኩ።

«ቁጭ ብላ መማር ትችላለች?» አለኝ።

«አትችልም» አልኩት። «በሩ አጠገብ ያስቀምጧት። ሰው ሲያስል ትውጣ፣ ሲበቃት ትመለስ። ከመለሷት ግን በየቀኑ ይዣት እመጣለሁ፣ እዚሁ በር ላይ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ድንጋይ ማምጣት ለኔ ሥራዬ ነው።»

ፊቴን ትክ ብሎ አየና፣ «ድንጋዩን ይተዉት» አለኝ፤ መቀመጫዋን አዛወረላት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግንባሩን ዴስክ ላይ የሚደፋው ጎረምሳም በሩ አጠገብ ልቀመጥ ብሎ ጠየቀ አሉ። ከዚያ አንዲት ሌላ ልጅ። «የበሩ ሰዎች» ይሏቸው ነበር። ልጄ ስትነግረኝ እንደ ስድብ አልተናገረችውም።

ፈተናውን አለፈች። ዳነች ብዬ ግን አልዋሽም። ዛሬም ጨርቅ ሲቃጠል ከሸተታት መንገድ ትቀይራለች፣ ዛሬም ልጆቿ ሲያስሉ ትነሣለች። እብድ የሚላት ቢኖር ከኔ ጋር ይነጋገር።

መቀመጫዋ በተዛወረበት ሳምንት እሑድ ከምሳ በኋላ እንደ ልማዴ ጋደም አልኩ። በሩን አልቀረቀርኩም። ጥቂት ቆይቶ የእግሯን ኮቴ ሰማሁ፤ ቀስ ብላ መጣች፣ የእጇ ጀርባ አፍንጫዬ ፊት ቆመ። እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን ጎላ፣ ረዘም አድርጌ ለቀቅኩላት። እንድትቆጥረው።